ሠላሳ አንድ ቀይ ነጥብ

ጅቡቲ፣ ካርቲየ ሰባት
መጋቢት 20 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለሎሚ እናት፣ ለሲምቦዬ፤

ይህችን ከተማ የማስተዳድራት እኔ ነኝ። እሺ፣ ከተማዋን በሙሉ አይደለም፤ ካርቲየ ሰባትን ብቻ። ካርቲየ ሰባትንም ቢሆን ከመስጊዱ ወዲህ ያለውን። እውነቱን ንገረኝ ካልሽ አንድ ቦኖ ነው የማስተዳድረው፤ እሱም ደርቋል።

እንደምን ከርመሻል? ሎሚስ ደህና ናት? ምግብ ቤቱስ? እኔ ሙቀቱ ጨው አድርጎ ሊያስቀረኝ ትንሽ ቀረው እንጂ ደህና ነኝ።

በጀንበሬ መኪና የላክሁልሽን ደብዳቤ አንብበሽ «ይሄን የጻፈችለት ሴት ማን ናት?» ማለትሽን ጀንበሬ ነገረኝ፤ መሪው ላይ ተደፍቶ እየሳቀ። ጽሑፉ ያምራል ማለትሽ ነው፤ ምስጋናውን ተቀብያለሁ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ የቡልቻ ልጅ፣ ሦስት ዓመት በሞጆ ሜዳ ኳስ ስከተል ትምህርት ቤት ያመለጠኝ። እዚህ የሐበሾች ማኅበር አዳራሽ ውስጥ የማታ ትምህርት አለ፤ አይናለም የምትባል መምህርት ታስተምረናለች። ማስረጃ ከፈለግሽ መስመሬን እዪው፤ ወደ ታች ይንሸራተታል። «ጎሳዬ፣ መስመርህ ሁልጊዜ ወደ ባሕሩ ይወርዳል» ትለኛለች። ስም ስትጠራ ሦስት ጊዜ ትጠራለች፤ በሦስተኛው «አቤት» ያላለ ቀሪ ነው። እኔ ገና አፏን ስትከፍት «አቤት» እላለሁ።

«ስልክ እያለ ለምን ወረቀት?» ላልሽው፤ ስልክ ላይ ውሸት ቶሎ ያመልጠኛል። ወረቀት ላይ ግን በየፊደሉ መልቀም ስላለብኝ ይደክመኛል፤ ግማሽ መንገድ ላይ እተወዋለሁ።

ስለ አስተዳደሬ ልንገርሽ። ኻሊዳ የምትባል የሰፈሩ ልጅ አለች፤ ፈረንሳይኛ ታስተምራለች። እናቷ ድሬዳዋ ስላደጉ አማርኛዋ ከእኔ ይጠራል። እሷና ጓደኞቿ የሰፈሩን ካርታ ስልክ ውስጥ አስገብተውታል። የተበላሸ ነገር ስታዪ ፎቶ ታነሺና ካርታው ላይ ትጫኛለሽ፤ ቀይ ነጥብ ይወጣል። ያው ችግር ያለበት ሌላ ሰው በራሱ ስልክ ነጥቡን ሲጫነው ነጥቡ ያብጣል። በጣም ሲያብጥ ኻሊዳ በወረቀት አትማ ለሰፈሩ ጽሕፈት ቤት ታስገባዋለች። ሲጠገን አረንጓዴ ይሆናል ይላሉ። እስካሁን አረንጓዴ አላየሁም።

የእኔ ሥራ ከቤት ቤት እየዞርኩ ማንበብ ለማይችሉት ማሳየት ነው። እኔ! አስቢው። ጎረቤቴ ኤዶ ሩቅያ ሳምቡሳ ጠብሳ ትሸጣለች፤ ኤዶ በሶማልኛ አክስቴ እንደማለት ነው። ስልኩን እንደ ሊጥ ነው የምትጫነው።

«ቀስ በይ እንጂ ኤዶ!» ስላት፣

«ቀስ ብዬ ብጫን እዚያ ላይ ያሉት ይሰሙኛል?» ትለኛለች።

መቼ ትመጣለህ ላልሽው በሚቀጥለው እጽፍልሻለሁ፤ ወረቀቱ አለቀብኝ።

ያንቺው ጎሳዬ


ሞጆ
ሚያዝያ 6 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለጎሳዬ፤

ጤና ይስጥልኝ። እኛ ደህና ነን።

ወረቀቱ አለቀ ያልክበት ገጽ ግማሹ ባዶ ነው። እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ባዶ ወረቀት ማንበብን ግን አንተ ሦስት ዓመት ሙሉ አስተምረኸኛል።

የእጅህን ጽሑፍ ስላየሁ ደስ ብሎኛል፤ ሎሚ ሁለት ጊዜ ጮክ ብላ አነበበችው። አሁን ግን ሌላ ነገር አለ። የጋራዡ ልጅ፣ ጫላቸው፣ ሽማግሌ ልኮባታል። ልጁ ጨዋ ነው፤ እሷም ትወደዋለች፣ ደብቃ እንጂ። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ «አባቷ ሳይኖር ምን እላችኋለሁ» ብዬ መለስኳቸው። ይመለሳሉ። እንደገና እመልሳቸዋለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡስ? አባት በሕይወት እያለ እናት ብቻዋን ተቀምጣ ልጅ ትድራለች?

የሺፍት ኃላፊ ነኝ ብለኸኛል። ኃላፊ ዕረፍት የለውም? ጀንበሬ በየአሥር ቀኑ እዚህ ምሳ በልቶ ያልፋል፤ አንተን አጠገቡ አስቀምጦ ማምጣት ምን ያቅተዋል? ስጠይቀው ዓይኑን ሽሮው ውስጥ ይተክላል።

ሌላ ሴት ካለች ንገረኝ። እችለዋለሁ። የማልችለው አለማወቁን ነው።

ሲምቦ


ጅቡቲ፣ ካርቲየ ሰባት
ሚያዝያ 28 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለሲምቦዬ፤

እንኳን ፋሲካውን በሰላም አሳለፋችሁ። እኔ በዓሉን የዋልኩት ዓሣ እየበላሁ ነው፤ ዶሮዋን በሐሳቤ ጨምሬበት።

ሴት የለችም። ሴት ብትኖር ጥያት እመጣ ነበር። የሌለኝ ወረቀት ነው፤ የሌለ ነገር ደግሞ ተጥሎ አይኬድም።

ሦስት ዓመት የዋጥኩትን እነሆ። ከሾፌሩ ከበዕውቀቱ ጋር ረዳት ሆኜ እንደመጣሁ ታውቂያለሽ። በመጨረሻው ጉዞ ከጭነቱ ላይ ጆንያ ርሶ ጠብ ተነሣ፤ እኔ ሸራ በደንብ አላሰርክም ተባልኩ። የጭነቱ ቢሮ ሰውዬ አንድ ወረቀት አመጣና «ለመጋዘን መግቢያ ነው፣ አትም» አለኝ። አላነብም ማለት አፈርኩ። አንብቦ እንደጨረሰ ሰው ራሴን ነቅንቄ አውራ ጣቴን ቀለም አስነክቼ አተምኩ። ወረቀቱ «በገዛ ፈቃዴ ሥራ ለቅቄያለሁ፣ የጉዞ ሰነዴንም መልሻለሁ» ይል ኖሯል። ይህን የሚያነብልኝ ሰው ሳገኝ በዕውቀቱ ፓስፖርቴን በጋቢናው እንደያዘ የጋላፊን ኬላ አልፎ ሄዷል። ከዚያ በኋላ በዚህ መንገድ አልታየም።

ኃላፊ ነኝ ያልኩሽ ውሸት አይደለም፤ ኃላፊነቴ ጀርባዬ ላይ ነው፣ ሃምሳ ኪሎ ሃምሳ ኪሎ ጆንያ እየሆነ። ጀንበሬን አትውቀሺው፤ እኔ ነኝ ያስማልኩት። ወረቀት የሌለው ሰው ጭኖ ኬላ ላይ ቢያዝ መንጃ ፈቃዱ ይሄዳል። ኤምባሲ ሂድ ይሉኛል፤ እዚያ ደግሞ ማንነትህን የሚያሳይ አምጣ ይላሉ። ማንነቴ በበዕውቀቱ ጋቢና ውስጥ ናት። መንገድ ላይ አፈሳ ሲመጣ ከአንዱ ሱቅ ወደ አንዱ እገባለሁ፤ የሰፈሩን የጓሮ በር በሙሉ አውቀዋለሁ። በየቀኑ ቀትር ላይ ከአገራችን ጫት ይገባል። ከተማው ሥራውን ጥሎ ቆሞ ይቀበለዋል። ማንም ፓስፖርት አይጠይቀውም። እኔ ግድግዳ ታክኬ አየዋለሁና «አንተስ ዕድለኛ ነህ» እለዋለሁ።

ማታ ትምህርት የገባሁት በዚያች አውራ ጣት ምክንያት ነው። ስሜን መጀመሪያ የጻፍኩ ቀን ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ አደርኩ።

አሁን ደግሞ የሚያኮራሽን ልንገርሽ። ካርታው ላይ እስከ ዛሬ ሠላሳ አንድ ቀይ ነጥብ አስቀምጫለሁ! አንድም ሰው አይደርስብኝም። የደረቀው ቦኖ፣ የተሰበረው የፍሳሽ ክዳን፣ የጠፋው መብራት። ነጥቡ ስር «አመልካች» የሚል ባዶ ቦታ አለ። ኻሊዳ «ስም መጻፍ ግዴታ አይደለም ጎሳዬ፣ ባዶውን ተወው» አለችኝ። ሳቅኩባት። ሠላሳ ስምንት ዓመት ባዶውን ትቼው የለ! በእያንዳንዱ ላይ ጻፍኩ፦ ጎሳዬ ቡልቻ ባንቴ፣ ሰማያዊው ቆርቆሮ ቤት፣ ከሩቅያ ሳምቡሳ ቤት አጠገብ። ሠላሳ አንድ ጊዜ፣ አንድም ስሕተት የለበትም።

ሎሚን ሳሚልኝ። ስለ ሽማግሌዎቹ አንድ መላ እፈልጋለሁ።

ጎሳዬ


ሞጆ
ግንቦት 12 ቀን 2008 ዓ.ም.

አንተ ሰውዬ!

አልቅሼ ስጨርስ ደብዳቤህን እንደገና አነበብኩት፤ ያኔ ደሜ ቀዘቀዘ። ሦስት ዓመት በጓሮ በር እየሾለክ ከፖሊስ የምትደበቅ ሰው ስምህን ከነአባትህ፣ ከነአያትህ፣ ከነቤትህ ቀለም ጽፈህ ለመንግሥት ቢሮ ትልካለህ? ሠላሳ አንድ ጊዜ? ባንዱ አይበቃህም ነበር? ያቺ ልጅ ባዶውን ተወው ስትልህ ምን ነክቶህ ነው!

ዛሬውኑ ሰርዘው። እለምንሃለሁ። ማንበብ ያስተማረችህ ሴትዮ መደበቅንም ብታስተምርህ ምናለ።

ያላልኩህ ነገር አለ። ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ መጥተው ሄደዋል። ከመካከላቸው አንዱ «አባትየው በእርግጥ አለ ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ሎሚ ከጓዳ ሰምታለች። ሦስተኛው ቀጠሮ ሐምሌ 3 እሑድ ነው። ከዚያ ወዲያ አይመጡም።

ፓስፖርት አጣሁ ብለህ ስለነገርከኝ አልተቀየምኩህም። የተቀየምኩህ ሦስት ዓመት ብቻህን ስለያዝከው ነው።

ሲምቦ


ጅቡቲ፣ ካርቲየ አራት
ሰኔ 2 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለሲምቦዬ፤

አድራሻው ለምን ተለወጠ እንዳትዪኝ፤ እነግርሻለሁ።

ሰርዘው ላልሽው፣ ልሰርዘው ኻሊዳ ጋ ሄጄ ነበር። ነጥቡ የአስቀማጩ ነው፤ እኔ ስሰርዘው ሥሩ ያሉት ጣቶች አብረው ይጠፋሉ አለችኝ። በቦኖው ላይ ብቻ አራት መቶ ሰው ተጭኗል። አራት መቶ! ግማሾቹን ጣታቸውን ይዤ ያስተማርኩ እኔ ነኝ።

እሷ ወረቀቱን አስገብታ ኖሮ መልስ መጥቷል፦ «አመልካቹ መታወቂያውን ይዞ ሰኔ 9 ቀን በአካል ይቅረብ፤ ካልቀረበ ፋይሎቹ ይዘጋሉ።» እኔ ልቅረብለት ብትላቸው አይሆንም አሏት፤ ስሙ ያለው ሰው ነው የምንፈልገው አሉ። ያኔ ነው መታወቂያ እንደሌለኝ የነገርኳት።

«ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ።»

«ጎሳዬ! ሁለት ፓስፖርት አለኝ ብለኸኛል እኮ። አንዱ ለበዓል ነው ብለህ!»

ብዬ ነበር። ምን ላድርግ።

ስለዚህ ሸሽቼ እዚህ መጣሁ፤ አንድ የመናዊ ዳቦ ጋጋሪ ዱቄት ክፍሉ ውስጥ አስጠጋኝ። በአንድ በኩል ምድጃው፣ በአንድ በኩል በረሃው የሚያነፍሰው ነፋስ፤ እኔ መሐል ላይ ነኝ፣ ገና ያልወጣሁ ዳቦ። ሰኔ 9 እስኪያልፍ ልደበቅ ብዬ ነው። ከዚያ ሁሉም ይረሳል፣ ፋይሉም ይዘጋል፣ ስሜም ይጠፋል።

ትናንት ግን ከበሩ ወጣ ብል የዚህ ሰፈር ቦኖ ወረፋ ላይ ማንን አያለሁ? ኤዶ ሩቅያን። ጾማቸው ከገባ አራተኛ ቀኑ ነው። ምራቅ ሳትውጥ፣ በዚያ በታመመ ጉልበቷ፣ ሁለት ጀሪካን ይዛ ከካርቲየ ሰባት ድረስ መጥታለች።

«ዋርያ፣ ሐበሺ! እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ዘመድ ልጠይቅ መጥቼ ነው ኤዶ።»

«ማን ነው ዘመድህ?»

«ዳቦ ጋጋሪው።»

«ዳቦ ጋጋሪው የመናዊ ነው!»

«ባሕሩ ጠባብ ነው ኤዶ፣ እንዛመዳለን።»

አልሳቀችም። ሁልጊዜ ትስቅልኝ ነበር። አውራ ጣቷን አንሥታ ዓይኔ ሥር አቆመችው። «ተጫኚ አልከኝ፤ ተጫንኩ። ምን እንደሚል አላውቅም፤ አንተ ታነባለህ ብዬ ተጫንኩ። አሁን ጣቴን ይዘህ የት ትሄዳለህ?»

ሲምቦ፣ ጀሪካኖቹን ተሸክሜ እስከ ሰፈራችን ጫፍ አደረስኩላትና እንደ ሌባ ተመለስኩ። አውራ ጣቴን አሳትሞ የጣለኝን ሰውዬ ሦስት ዓመት ስረግመው ኖሬያለሁ። ዱቄት ላይ ተኝቼ እርግማኑ ወደ ማን እንደሚሄድ ሳስብ ነጋ።

ብሄድ ይይዙኛል፤ ያስሩኝ ይሆናል፤ ሐምሌ 3ም ያልፋል። ባልሄድ እዚሁ ነኝ፤ ሐምሌ 3 ያው ያልፋል። የቱንም በር ብገፋ ወደ አንድ ክፍል ነው የሚያስገባኝ። አንቺ ንገሪኝ።

ጎሳዬ


ሞጆ
ሰኔ 6 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለጎሳዬ፤

ጀንበሬ ሞተር ሳያጠፋ እየጠበቀኝ ስለሆነ አላበዛም።

ሂድ አልልህም። አትሂድም አልልህም። እኔም ውኃ ቀድቼ ነው የኖርኩት፤ የሴትየዋን ጉልበት አውቀዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ። ሐምሌ 3 ሽማግሌዎቹ «የልጅቷ አባት ማን ነው?» ሲሉኝ ቀና ብዬ የምጠራው ስም ይኑረኝ። ሌላውን አንተ ታውቃለህ።

ሲምቦ


ጅቡቲ፣ ካርቲየ ሰባት
ሰኔ 21 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለሲምቦዬ፤

ይህን ደብዳቤ ሐምሌ 3 ቀን ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡ በኋላ ሎሚ ታንብበው። ድምፅዋ ከአንቺ ይጎላል፤ ከእኔ ነው የወረሰችው።

ሄድክ ወይ ብትዪኝ፣ ሄጃለሁ። የጀንበሬን ነጭ ሸሚዝ ተውሼ፣ ፀጉሬን ተስተካክዬ፣ በግራዬ ኻሊዳ፣ በቀኜ ኤዶ ሩቅያ። የጽሕፈት ቤቱ አዳራሽ በሰው ጢም ብሏል፤ የእኛም ሰፈር ሴቶች ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው መጥተዋል። ጸሐፊው በሩ ላይ ቆሞ «ጎሳዬ ቡልቻ ባንቴ!» ብሎ ሲጠራ እንደ ባንዲራ ዘንግ ቀጥ ብዬ ተነሣሁና «አቤት!» አልኩ። ግድግዳው ተንቀጠቀጠ።

ኃላፊው መነጽራቸውን አውርደው መታወቂያ ጠየቁኝ። የለኝም አልኩ። ኻሊዳ በፈረንሳይኛ ተረጎመችው፤ በፈረንሳይኛ ሲባል የባሰ ያስፈራል። ሠላሳ አንዱን ወረቀት አንድ በአንድ ገለጡ።

«መታወቂያ ሳይኖርህ ይህን ሁሉ በስምህ ጻፍክ?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ለምን?»

«መጻፍ ገና መቻሌ ነው።»

ጸሐፊው ማመልከቻውን አስጠግቶ የቀለም መርገጫ ከፈተልኝ፣ ለአውራ ጣቴ። በአንድ ጣቴ ገፋ አደረግኩትና «መጀመሪያ ይነበብልኝ» አልኩ። ኻሊዳ ከላይ እስከ ታች አነበበችልኝ። ስለ ቦኖው ነው፤ ሌላ ነገር የለበትም። ብዕር ተቀብዬ ሦስቱንም ስሜን ጻፍኩ። መስመሩ እንኳን አልወረደም።

ውኃው መጣ። ሰኔ 14 ቆፋሪዎች መጡ፤ ቧንቧው በአንድ የፈረሰ ሱቅ ሲሚንቶ ስር ተጨፍልቆ ተገኘ። አሁን ከሰዓት በኋላ ሁለት ሁለት ሰዓት ይፈስሳል። ካርታው ላይ ነጥቡ አረንጓዴ ሆኗል። ለኤዶ ሩቅያ ባሳያት «እኔ አረንጓዴ አልጠጣም፣ ባልዲውን አሳየኝ» አለችኝ። ሠላሳዎቹ ገና ቀይ ናቸው።

እኔን በተመለከተ፣ ያን ዕለት ከዚያው ወደ ሌላ ቢሮ ተወሰድኩ። አራት ቀን አንድ ክፍል ውስጥ ተቀመጥኩ። አብረውኝ ባሕር ሊሻገሩ መጥተው የተያዙ የእኛው አገር ልጆች ነበሩ፤ ሙጫ እንደያዛት ዝንብ ግድግዳ ይዘው ተቀምጠዋል። ደብዳቤ ጻፍኩላቸው፣ ለስድስት እናቶች። ከዚያ ስሜን ወደ ኤምባሲው ዝርዝር አስገብተው ለቀቁኝ። የመመለሻ ወረቀት እስኪመጣ ከሰፈር አልወጣም፤ ሰኞና ሐሙስ እየሄድኩ እፈርማለሁ። ከእኔ በፊት መቶ ምናምን ሰው አለ። አንድ ወር ይሁን ስድስት ወር የሚያውቅ የለም። ጫቱ ይገባል፣ ተሳቢዎቹ ተጭነው ወደ እናንተ ይወጣሉ፣ እኔ እፈርማለሁ። ስለዚህ ሐምሌ 3 ከመካከላችሁ አልገኝም።

አባቶቼ፣ ሽማግሌዎች፤ ሦስት ጊዜ ደጄን ስለረገጣችሁ እግራችሁን እስማለሁ። እኔ ጎሳዬ ቡልቻ ባንቴ፣ አለሁ። ልጄ ሎሚ እሺ ካለች እኔም ለጫላቸው እሺ ብያለሁ። እናቷ በእኔም በራሷም ቦታ ተቀምጣለች፤ የእሷ ቃል ቃሌ ነው። ከታች ያለው ፊርማዬ ነው። የአውራ ጣት ምልክት የለበትም፤ ፈልጋችሁ አታገኙም።

ጎሳዬ ቡልቻ ባንቴ

እዚህ ላይ ጨርሼ ወረቀቱን አጥፌ ነበር፤ መልሼ ዘረጋሁት። በሽማግሌ ፊት የሚነበብ ነገር ውስጥ ውሸት ማስቀመጥ ደስ አላለኝም። አንዲት ናት። ሎሚዬ፣ ይህንንም ጮክ ብለሽ አንብቢው።

ስሜ ሲጠራ እንደ ባንዲራ ዘንግ ተነሣሁ ያልኩት ፈጠራ ነው። አንዴ ተጠራ፤ ጫማዬን አየሁ። ሁለተኛ ተጠራ፤ በሩ ስንት እርምጃ እንደሚርቅ ለካሁ፤ አሥራ አንድ ነው። ኻሊዳ ወደ እኔ አልዞረችም፤ እንዳታሳፍረኝ ብላ መሰለኝ። ሦስተኛ ሲጠራ ኤዶ ሩቅያ በጾም አፏ ጉልበቷን በሁለት እጇ ደግፋ ተነሣችና እኔ ቤት ውስጥ ስለማመድ የሰማችውን ቃል «አቤት!» አለች። «ጎሳዬ ነኝ!»

ጸሐፊው ወረቀቱን አየ። እሷን አየ። አዳራሹ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን አልተቀመጠችም። ያኔ ነው የተነሣሁት።

«ትዋሻለች» አልኩ። «ጎሳዬስ እኔ ነኝ።»